ዳንቴል የለበሰ ዴክ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሳሎን ያለው ቤት ሁሉ ቡፌ አለው፤ ቡፌ ያለው ቤት ሁሉ ደግሞ የማይሠራ ዕቃ አለው፡፡ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ ባትሪው የፈሰሰበት ሬዲዮ፣ ለእንግዳ ተብሎ ተቀምጦ እንግዳ ሳያየው የተሰነጠቀ ሲኒ፡፡ በእኛ ቤት ቡፌ ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው የቪዲዮ ዴክ ነው፡፡ እናታችን በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ቁጭ ብሏል፡፡ ከሥሩ ባለው መሳቢያ ውስጥ አሥራ አራት የቪዲዮ ካሴቶች ተደርድረዋል፡፡

ሦስት እህትና ወንድማማቾች ነን፤ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ባሕር ዳር እንኖራለን፡፡ ለበዓል በተሰባሰብን ቁጥር ስለዚህ ዴክ ሳንጨቃጨቅ ተለያይተን አናውቅም፡፡ አንዳችን «ይሄ ነገር ለቆራሌው ይሰጥ» ይላል፡፡ ሌላዋ «ቅርስ ነው፣ ባለበት ይቀመጥ» ትላለች፡፡ ሦስተኛው «መጀመሪያ ይሠራ እንደሆን እንየው» ብሎ ዳንቴሉን ሊያነሳ ሲል እናታችን ከወጥ ቤት ሆና «እናንተን ልጣል እንጂ እሱንስ አልነካካም!» ትላለች፡፡ ስብሰባው በዚሁ ይበተናል፡፡

ዴክ የሚባለውን ነገር ለማታውቁ፣ ማለትም ፊልምን ከቴሌግራም ብቻ ለምታውቁ ወጣት አንባቢዎቻችን፣ ጥቂት እንበል፡፡ ቪኤችኤስ የሚባለውን የካሴት ዓይነት ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፡፡ እኛ ዘንድ ውጭ ደርሶ በመጣ ሰው ሻንጣ ገባ፡፡ ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር መጣ፤ ከበሩ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የሕንድ ፊልምና ካራቴ እናያለን፡፡ (ከቤተሰብ ተደብቀን ነው የምናየው፤ ይሄ ለማንም ምሥጢር አይደለም፡፡) ከዚያ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ መጣ፡፡ ሠርጉን ያላስቀረጸ ሰው የደገሰ አይመስለውም ነበር፡፡ እኛ ቤት ያሉት ካሴቶችም አብዛኞቹ የሠርግ፣ የመልስ፣ የክርስትናና የበዓል ናቸው፡፡

ካሴቱ ውስጥ ያለው ምንድነው? ቴፑ ስፋቱ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፡፡ ላዩ ላይ በሙጫ የተያዘ የማግኔት ዱቄት አለ፡፡ የሙሽራዋ ፊት፣ የድንኳኑ ግርግር፣ እልልታው ሁሉ ያለው እዚያ ዱቄት ላይ ነው፡፡ ዴኩ ውስጥ ደግሞ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚሽከረከር ከበሮ አለ፤ ከበሮው ላይ ያሉት ትንንሽ ሄዶች ቴፑን በሰያፍ እየዳሰሱ ያነባሉ፡፡ ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ዱቄቱ ይረግፋል፣ ሄዱ በቆሻሻ ይደፈናል፡፡ ጎማው ያረጀ ዴክ ደግሞ ካሴቱን «ይበላዋል»፡፡ ይሄን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም፡፡

እንግዲህ ደብረ ታቦር ጉና ተራራ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፡፡ ብርዱ ለቴፕ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ከቆላ ይሻለዋል፡፡ ክረምቱ ግን አይምርም፡፡ ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ እንኳ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል፡፡ ካሴትም እንደ እንጀራ ይሻግታል፤ በመስኮቱ በኩል ስታዩት ነጭ ብናኝ የመሰለ ነገር ቴፑ ላይ ተኝቶ ታገኛላችሁ፡፡ እናታችን ለዓመታት ዴኩን ከአቧራ ስትጠብቅ፣ ሻጋታው ከታች መሳቢያው ውስጥ በጸጥታ ሥራውን ይሠራ ነበር፡፡

ዳንቴሉ ጌጥ ብቻ አይደለም፡፡ አባታችን ያረፉት በ2000 ዓ.ም. ነው፡፡ በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይሸፈናል፡፡ አርባው ሲያልፍ ቴሌቪዥኑ ተገለጠ፡፡ ዴኩ ግን እንደተሸፈነ ቀረ፡፡ ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት «ድምፃቸውን መስማት አልችልም» አለችን፡፡ መጣልም አልቻለችም፡፡ እኛ በየበዓሉ «ይጣል፣ አይጣል» እያልን ስንከራከር እሷ የያዘችው ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ካሴቱ እንዲኖርላት ትፈልጋለች፣ እንዲከፈት ግን አትፈልግም፡፡ ይሄን የሚያውቅ ቤተሰብ ብዙ ይመስለናል፡፡

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ መጣ፡፡ ነፋስ መውጫ ለቀናት ተያዘች፤ ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰው ሞተ፡፡ እናታችን ከጎረቤት ጋር ተሳፍራ ባሕር ዳር ወዳለው ልጇ ስትሸሽ የያዘችው ሻንጣ አንድ ነው፡፡ ስንከፍተው የቤቱ ካርታ፣ ጋቢ፣ የአባታችን የጡረታ ደብተር፣ ከዚያ በታች አሥራ አራቱም ካሴቶች በነጠላ ተጠቅልለው አገኘናቸው፡፡ «ዴኩስ?» አልናት፡፡ «ዴክ የትም ይገዛል» አለች፡፡

የትም አይገዛም፡፡ በዓለም ላይ የቪዲዮ ዴክ ሲያመርት የቀረው የመጨረሻው ኩባንያ የጃፓኑ ፉናይ ሲሆን፣ መለዋወጫ ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ነው፡፡ ሶኒ የቪኤችኤስ ተፎካካሪ ለነበረው ለቤታማክስ ካሴት መሥራት ያቆመውም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው፡፡ ካሴቱን ይዞ ዴኩን መተው ማለት እንግዲህ ቁልፉ ያንድ ብቻ የሆነ ሣጥን ተሸክሞ ቁልፉን ጥሎ መሄድ ማለት ነው፡፡ እናታችን ይሄን በምን ታውቃለች? እኛስ መቼ ነው ያወቅነው? ደግነቱ ስትመለስ ዴኩ ከነዳንቴሉ ቡፌው ላይ ጠበቃት፡፡

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፡፡ እስከ 2025 ድረስ ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ የማግኔት ቴፕ ባብዛኛው ይጠፋል የሚል ነው፡፡ ምክንያቱም ቴፑ ስለሚበላሽ ብቻ ሳይሆን፣ ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ አብረው ስለሚያልቁ ነው፡፡ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ከዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ ይኸንኑ ደወል ደወለ፡፡ ዓመቱም ይኸው ደረሰብን፡፡ ትልልቅ ተቋማት የፈሩትን ቡፌ ያለው ቤት ሁሉ ቢፈራ አይገርምም፡፡

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ጋፋት አለች፡፡ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች እጅ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ናት፡፡ መድፉ በስንት መከራ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ፡፡ አለ ማለት ግን ይተኩሳል ማለት አይደለም፡፡ መሣሪያ የሚያውቀው ሰው ሲጠፋ ሐውልት ይሆናል፡፡ የእኛም ዴክ ወደ ሐውልትነት እየሄደ ነበር፡፡

በአንጻሩ በዚሁ ደጋ በየአድባራቱ ያለውን የብራና መጽሐፍ አስቡት፡፡ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶም ለማንበብ ዓይንና ግዕዝ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋ ሻማ ይበራል፡፡ ግን ብራናም ቢሆን ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም የቆየው፡፡ አይጥ በላው፣ እሳት ነካው፣ ተዘረፈ፡፡ የቆየው ጸሐፊ እየቀመጠ ስለገለበጠው ነው፡፡ ገልባጩ ደግሞ መጨረሻው ላይ ያስጻፈውን ሰው ስም ይጽፋል፣ የራሱንም ይጨምራል፣ ጸሎት ይለምናል፡፡ አያቶቻችን ማቆየት ማለት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ገብቷቸው ነበር፤ መገልበጥና ስም መጻፍ ነው፡፡ እኛ ግን ማቆየት ማለት መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ዳንቴል ማልበስ መሰለን፡፡

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሄደን እስከ ጥር 25፣ እስከ መርቆሬዎስ ድረስ ቆየን፡፡ (የመርቆሬዎስ ዕለት የደብረ ታቦርን የፈረስ ጉግስ ያላየ ሰው ፈረስ አየሁ አይበል!) ከመርካቶ ዴክና ኮምፒዩተር የሚያገናኝ መሣሪያ ገዝተን ነበር፡፡ እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አላለችም፡፡ «እኔ ግን አላይም» ብላ ወጥ ቤት ገባች፡፡

ዴኩ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አልበራም፡፡ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው ግን ያልሳተ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ቤት ድረስ መጡልን፡፡ ከፍተው አዩና «ቺንጋው እንደ ማር ቀልጧል» አሉ፡፡ ከሌላ የሞተ ዴክ ቺንጋ አውጥተው ገጠሙ፣ ሄዱን በአልኮል አጠቡ፡፡ «ስንት እንክፈል አባባ?» ስንላቸው «ይሄን የሚያሠራ ሰው ካየሁ ስንት ዓመቴ!» ብለው ሳቁ፡፡ ከፈልናቸው፡፡ ይሄን ሥራ የሚማር ልጅ አላቸው ወይ ብለንም ጠየቅን፡፡ ልጃቸው ሞባይል ይጠግናል፡፡

ካሴት የሚገለበጠው በራሱ ፍጥነት ነው፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና፡፡ መብራት ሄደ፡፡ ብዙ ጊዜ ሄደ፡፡ ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ሻጋታ ስለነበራቸው ዴኩን እንዳያበላሹት ለይተን አስቀመጥናቸው፡፡ ሁለቱ ድሮ ተበልተው የተቆራረጡ ናቸው፡፡ አንዱ ላይ «የመልስ ፕሮግራም» ይላል፤ ስናጫውተው ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ያሸነፈችበት የ1990ው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሆኖ አረፈው! ካሴት ላይ እንዳይቀረጽበት የምትሰበር ትንሽ ፕላስቲክ አለች፡፡ ተሰብራ ነበር፡፡ አጎታችን ግን ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍኖ ቀረጸበት፡፡ የማን መልስ እንደነበረ እስከ ዛሬ አይናገርም፡፡

የቀሩትን ስምንት ገለበጥን፡፡ አንደኛው በግንቦት 1989 የተደረገው የአክስታችን ሠርግ ነው፡፡ አባታችን ተነስተው ሙሽሮቹን ይመርቃሉ፡፡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ይዘረጋል፣ ሰው አሜን ይላል፤ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው፡፡ ቀራጩ ኤዲት ሲያደርግ የሰውን ድምፅ ሁሉ አጥፍቶ ዘፈን ጭኖበታል፡፡ የዚያን ጊዜ ፋሽኑ ነው፤ በየቤቱ ያለ የሠርግ ካሴት ስንት ምርቃት በዘፈን ተውጦ ቀርቷል! እኛ ተናደን ዝም እንዳልን ከኋላችን ድምፅ ሰማን፡፡ እናታችን በሩ ላይ ቆማለች፡፡

«‹ውለዱ ክበዱ› ነው ያሉት» አለች፡፡ «ከዚያ ደግሞ ድንኳኑን ቀና ቀና እያደረጉ ውኃውን የሚያፈሱትን ልጆች አመሰገኑ፡፡ ዝናብ ነበር፡፡»

ገብታ ተቀመጠች፡፡ አሥራ ሰባት ዓመት የፈራችው ድምፅ ካሴቱ ላይ አልነበረም፤ እሷ ጋ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አልተነሳችም፡፡ «ይቺ የእትዬ ልጅ ናት፣ እስቴ ነው ያገባችው፡፡» «ይሄ ጠጅ ቀጂው ጎረቤታችን ነው፣ ነፍሱን ይማረው፡፡» «ቀሚሱ የእኔ ነው፣ አውሼያት ነው፡፡» ሞባይላችንን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ድምፅ መቅጃውን ከፈትን፡፡ ምስሉን ኮምፒዩተሩ ያዘ፤ ስሙን እሷ ሰጠች፡፡ ያለ እሷ ያ ቪዲዮ ለእኛ የማናውቃቸው ሰዎች የሚጨፍሩበት የአራት ሰዓት ፊልም ነው፡፡

የመጨረሻው ካሴት አይተነው የማናውቀው ነው፡፡ ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስታችን ልጅ በነሐሴ 1993 ለቡሄ መጥቶ በራሱ ካሜራ ሲቀርጽ ነበር፡፡ አሜሪካ ሲመለስ ወደ ቪኤችኤስ ገልብጦ ላከልን፡፡ የዚያን ጊዜ ዴኩ ውስጥ ስንከተው ምስሉ እየተገለባበጠ አስቸገረ፤ ድምፁም አልገባንም፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ አሜሪካ ትጠቀምበት የነበረው ስርዓት ኤንቲኤስሲ 525 መስመር አለው፤ እኛ እንጠቀምበት የነበረው ፓል ደግሞ 625፡፡ ሁለቱ አይግባቡም፡፡ ከአሜሪካ ለእናት ለአባት ተብለው የተላኩ ስንት ካሴቶች በዚህ ምክንያት ሳይታዩ ቀርተው ይሆን? ጠጋኛችን ግን ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ነበራቸው፤ አዋሱን፡፡

ማታ ነው፡፡ ችቦ ይነዳል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሕጻናቱ ሙልሙል ይዘው ይሯሯጣሉ (እኛ ነን)፡፡ ይሄ ካሴት ኤዲት አልተደረገም፡፡ ካሜራው ወደ በረንዳው ይዞራል፣ አባታችን ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፣ ካሜራውን አይተው፣ «ኧረ ይሄን ነገር አጥፋውና ና ብላ!» ይላሉ፡፡ ካሜራው ይጠፋል፡፡

በቃ፣ ይሄው ነው፡፡ እናታችን ሳቀች፡፡ ከዚያ አለቀሰች፡፡ «ልድገመው?» ስንላት «ዛሬ ይበቃል» አለች፡፡ ዛሬ ማለቷን ልብ ብለናል፡፡

አሁን «እኛስ ስልክ አለን፣ ምን ቸገረን» የምትሉ አላችሁ፡፡ ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፡፡ ያኔ ደብረ ታቦር የተደረገውን የዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ያለነው ያየነው ከወራት በኋላ፣ በሰው እጅ በመጣ ፍላሽ ነው፡፡ ቴሌግራም ላይ ያለው ፎቷችን የሚኖረው እኛ በማናዝበት ሩቅ አገር ማሽን ውስጥ ነው፡፡ ያም ዴክ ነው፤ ዳንቴል አለመልበሱ ብቻ ነው ልዩነቱ፡፡ ስልክ ይሰረቃል፣ ሲዲ ይጫጫራል፣ ፍላሽ ይጠፋል፡፡ ስለዚህ የገለበጥነውን በሁለት ሃርድ ዲስክ አድርገን አንዱን ደብረ ታቦር፣ አንዱን አዲስ አበባ አስቀመጥን፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደሌላ ነገር መገልበጥ ይኖርበታል፤ ጸሐፊ ሥራው አያልቅም፡፡

ቤታችሁ ካሴት ካለ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፡፡ ሻጋታ ያለበትን ዴክ ውስጥ አትክተቱ፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡ፡፡ ደህናውን መጀመሪያ ወደፊትና ወደኋላ አጠንጥኑት፣ ከዚያ አጫውቱ፡፡ ካሴቶቹን እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከጭስና ከእርጥበት ርቃችሁ አስቀምጡ፡፡ ከሁሉ በላይ ግን ስትገለብጡ ብቻችሁን አትሁኑ፡፡ እናት ካለች እናትን፣ አክስት ካለች አክስትን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ይሄ ማነው?» በሉ፡፡ ዴክ ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል፡፡ ይሄን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ግን ከሄደ አይገኝም፡፡

በነገራችን ላይ ለአንዱ መልስ አላገኘንም፡፡ በግንቦት 1989ኙ ሠርግ ላይ ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶለት እስክስታ የሚወርድ ቀጠን ያለ ሰው አለ፡፡ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ይጨፍራል፤ ከሙሽራው የበለጠ የተቀረጸው እሱ ነው፡፡ እናታችን አታውቀውም፡፡ አክስታችን አታውቀውም፡፡ «አባታችሁ ያመጡት እንግዳ ይሆናል» አሉን፡፡ መጨረሻ ላይ አባታችን ሄደው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፉለታል፣ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ይነግሩታል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፡፡ ከደብረ ታቦር፣ ከፋርጣ፣ ከጋይንት ወይም ከእስቴ የሆናችሁ፣ የዚያን ዓመት እዚያ ሠርግ ላይ የነበረ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ እስቲ ጠይቁልን፡፡